ሰበቃን ለምን እንንቃለን? የፍሬን ጥገናና የሙቀት ሒሳብ

በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍትና በፈተና ወረቀቶች ላይ ተደጋግሞ የሚገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ሰበቃ የለም ብላችሁ ውሰዱ» የሚል። ይህ አባባል ስሌትን ለማቅለል የሚጠቅም መሆኑን አንክድም። ሆኖም ተማሪው ከዓመት ዓመት ሰበቃን እየተወ ሲያሰላ ከቆየ በኋላ፣ ሰበቃ ማለት ንጹሑን ፊዚክስ የሚያበላሽ፣ ቢቀር የሚሻል ተራ ነገር መስሎ ይታየዋል። በገሐዱ ዓለም ግን በየዕለቱ ሕይወታችንን አምነን የምንሰጠው አንድ መሣሪያ፣ ማለትም የመኪና ፍሬን፣ ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰበቃ ነው።

«ፍሬን ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛው ሰው «መኪና የሚያቆም መሣሪያ ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። በእኛ አስተያየት ፍሬን የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጥ፣ ከዚያም ያንን ሙቀት ለጊዜው ተሸክሞ ለአየር የሚያስረክብ መሣሪያ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የፍሬን ጥገና ምን ማለት እንደሆነ ራሱ ሊደርስበት ይችላል። ያልተረዳ ግን ጥገናን በኪሎሜትርና በዓመት ብቻ የሚቆጠር፣ ቢዘገይም ብዙ ጉዳት የማያስከትል ወጪ አድርጎ ያየዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሐሳብ ለማስረዳት የመረጥነው የመኪና ውድድር መም ላይ የሚነዱ ሰዎች ፍሬናቸውን የሚንከባከቡበትን መንገድ ነው። ምክንያታችን ግልጽ ነው። ተራው መንገድ በወራትና በዓመታት የሚሸፍነውን የፍሬን ድካም መሙ በአንድ ቀን አውጥቶ ያሳያል። ወደ መጨረሻው ላይም ከዚህ ትምህርት የእኛ አገር ቁልቁለቶች ምን እንደሚጠቀሙ እንመለከታለን።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ሰበቃ ሙቀት እንደሚያፈልቅ የሰው ልጅ እሳት በእንጨት ማውጣት ከጀመረበት ጊዜ ጀምሮ ያውቃል። ምን ያህል ሙቀት የሚለውን ግን በሚገባ ከጠየቁት ሰዎች አንዱ ካውንት ራምፎርድ ነበር። ራምፎርድ በሙኒክ ከተማ የመድፍ አፈሙዝ ሲቦረቦር የሚፈልቀውን ሙቀት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1798 ውጤቱን አሳተመ። በሰበቃ ብቻ፣ ያለ አንዳች እሳት፣ ውሃን በሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ አፍልቶ ሲያሳይ ተመልካቾቹ እጅግ ተደነቁ። እያንዳንዱ ፍሬን የራምፎርድ ሙከራ ድጋሚ ነው ብንል አላጋነንንም።

በጀርመን አገር፣ በአይፈል ተራሮች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ ኑርበርግሪንግ የተባለ የውድድር መም አለ። ሰሜናዊው ዙር 20.8 ኪሎሜትር ርዝመት፣ ከ70 በላይ መታጠፊያዎች፣ እንዲሁም በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቦታ መካከል 300 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለው። ውድድር በሌለባቸው ቀናት ማንኛውም ባለ መንጃ ፈቃድ ገንዘብ ከፍሎ በገዛ መኪናው ሊነዳበት ይችላል።

አሁን 1,500 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና በዚህ መም ላይ በሰዓት 200 ኪሎሜትር ሲበር ቆይቶ ለመታጠፍ ወደ 80 ኪሎሜትር ዝቅ አለ እንበል። የእንቅስቃሴ ጉልበት የመጠነ ቁስና የፍጥነት ካሬ ብዜት ግማሽ ስለሆነ፣ መኪናው መጀመሪያ 2.3 ሜጋጁል ያህል ነበረው፤ በመጨረሻ 0.37 ሜጋጁል ቀረው። ልዩነቱ 1.9 ሜጋጁል ነው። አየሩና ጎማው ጥቂቱን ቢወስዱም አብዛኛው ወደ ፍሬን ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ አራት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፍሬኖቹ በዚያች ቅጽበት ከ500 ኪሎዋት በላይ ይሠራሉ ማለት ነው። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ እንደሚወስድ ስናስብ፣ 150 ያህል ምጣዶች በአንድ ጊዜ እንደ ተለኮሱ ይቆጠራል። ከመኪናው ሞተር ይልቅ ፍሬኑ ኃይለኛ ነው የምንለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀቱ የት ይገባል? መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ሰባ በመቶ ያህሉን ሥራ የፊት ፍሬኖች ይሠራሉ ብለን እንውሰድ። እያንዳንዱ የፊት ዲስክ 9 ኪሎግራም ቢመዝን፣ አንድ ኪሎግራም የቀለጠ ብረት ውጤት የሆነውን የዲስክ ብረት በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ደግሞ 460 ጁል ገደማ ቢያስፈልግ፣ ሙቀቱ ሁሉ ዲስኮቹ ውስጥ ቢቀር መጠነ ሙቀታቸው በአንድ ጊዜ ርግጫ ብቻ በ160 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በከተማ መንገድ ከ50 ኪሎሜትር ፍጥነት ፈጽሞ ብንቆም ግን ጭማሪው 12 ዲግሪ ብቻ ነው። በመሙ ላይ ዲስኩ ሳይበርድ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው መታጠፊያ ይመጣል። ልዩነቱ የዓይነት እስኪመስል ድረስ የመጠን ልዩነት ነው።

ትልቅ ፍሬን ቶሎ ያቆማልን?

እዚህ ላይ በወጣቶች ዘንድ የተለመደ አንድ እምነት ማረም ይገባናል። ብዙዎች ባለ ስድስት ፒስተን ካሊፐርና ሰፊ ዲስክ የገጠመ መኪና በአጭር ርቀት ይቆማል ብለው ያምናሉ። ፊዚክሱ ግን ሌላ ነው። መኪናን የሚያቆመው የመጨረሻው ኃይል በጎማና በመንገድ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። የጎማው የሰበቃ ቁጥር 0.9 ቢሆን፣ በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ከ44 ሜትር ባነሰ ርቀት ሊቆም አይችልም፤ ካሊፐሩ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን። ጤናማ የሆነ ተራ ፍሬንም ጎማውን እስከዚህ ወሰን ድረስ መያዝ ይችላል።

ታዲያ የትልቅ ፍሬን ጥቅም ምንድን ነው? ጥቅሙ የመጀመሪያውን ርግጫ ማሳጠር ሳይሆን ሃያኛው ርግጫ እንደ መጀመሪያው እንዲሆን ማድረግ ነው። ብዙ ብረት ብዙ ሙቀት ይይዛል፤ ሰፊ ገጽ ብዙ ሙቀት ለአየር ይሰጣል። ይህን ያልተረዳ ሰው ውድ ካሊፐር ገዝቶ አሮጌ የፍሬን ዘይት ይሞላበታል፤ የተረዳ ግን በተራው ካሊፐር ላይ ትኩስ ዘይትና ተስማሚ ሸራ አድርጎ በሰላም ውሎ ይገባል። ከግዢ ጥገና ይበልጣል ስንል ይህን ማለታችን ነው።

ሸራው፦ የሚያልቀውና የሚከላከለው

ካሊፐር ሁለት የፍሬን ሸራዎችን (ፓዶችን) በዲስኩ ግራና ቀኝ ይዞ የሚጨብጥ የብረት መንጋጋ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ ሸራውን ዲስኩ ላይ ያጣብቃል። ሸራው የተሠራው ከተለያዩ ዱቄቶች፣ ቃጫዎችና ማጣበቂያ ሙጫ ነው። ለከተማ መንገድ የተሠራ ሸራ ገና በጠዋት፣ ቀዝቃዛ ሳለ በደንብ ይይዛል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሞቅ ግን ሙጫው ጋዝ መትፋት ይጀምራል፤ የሰበቃ ቁጥሩም ይወርዳል። ለመም የተሠራው ደግሞ ተቃራኒ ነው። ሲሞቅ ይበረታል፤ ሲቀዘቅዝ ይለግማል፤ ይጮኻል፤ ዲስክም ይበላል። ስለዚህ «ምርጥ ሸራ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ «በስንት ዲግሪ?» የሚል ጥያቄ ካልተከተለው ትርጉም የለውም።

ከሸራው ጋር የተያያዙ ሁለት ነገሮች በተለይ የፊዚክስ ተማሪን ሊያስደስቱ ይገባል። አንደኛው ማለማመድ ነው። አዲስ ሸራ ወዲያውኑ ከባድ ሥራ አይሰጠውም። በተከታታይ፣ እየበረቱ በሚሄዱ ርግጫዎች ይሞቃል፤ ከዚያም ሳይቆም እየተነዳ እንዲበርድ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ከሸራው ቀጭን ሽፋን ወደ ዲስኩ ይሸጋገርና በእኩልነት ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሸራው የሚታሸው በብረቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በገዛ ሽፋኑ ላይም ነው። የጋለ ፍሬን ተረግጦ ከተቆመ ግን ሽፋኑ በአንድ ቦታ ላይ ይከመራል፤ በኋላም መሪው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ «ዲስኩ ተጣሟል» ተብሎ የሚጣለው ዲስክ ችግሩ መጣመም ሳይሆን ይህ ያልተስተካከለ ሽፋን ነው።

ሁለተኛው የሸራው ውፍረት ነው። አዲስ ሸራ 10 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በተራ መንገድ 3 ሚሊሜትር አካባቢ እስኪደርስ የሚጠቀሙ ብዙዎች ናቸው። የመም ነጂዎች ግን ግማሹ ሲያልቅ ይለውጡታል። ይህ ቅንጦት አይደለም። በአንድ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ሙቀት ከግድግዳው ውፍረት ጋር ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው፤ ሸራው ደግሞ በጋለው ዲስክና በፒስተኑ መካከል የቆመ ግድግዳ ነው። ግማሹ ሲያልቅ ወደ ፒስተኑ፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ የሚያልፈው ሙቀት በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ሸራ የሚያልቅ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ለዘይቱ ጋሻ ነው።

ስለ ሸራ ብናኝ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በቀድሞ ዘመን ሸራዎች አስቤስቶስ የተባለ ቃጫ ነበራቸው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ቃጫ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከልክሏል። የብናኙ ትንፋሽ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ የሳንባ ሕመም ያስከትላል። ምንጩ ያልታወቀ አሮጌ ሸራ ሲፈታ ብናኙን በአየር ግፊት ማራገፍ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በማጽጃ ፈሳሽ ማንሳት ተገቢ ነው።

ዘይቱ፦ ውሃ የሚጠጣው ፈሳሽ

ከፍሬን ክፍሎች ሁሉ ርካሹ፣ በጣም የሚረሳውም፣ የፍሬን ዘይት ነው። አብዛኛው የፍሬን ዘይት ከእርጥበት አየር ውሃን ይስባል። ይህ በተፈጥሮው ያለ ጠባይ ስለሆነ መኪናው ቢነዳም ባይነዳም አይቀርም። ውጤቱን ለማየት ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ያገኘውን የዶት ደረጃ መመልከት ይበቃል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከያዘ በኋላ ግን ወሰኑ 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155፣ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። ከመቶ አራት እንኳ የማይሞላ ውሃ ሰባ ሰማንያ ዲግሪ ይነጥቀናል።

ዘይት ቢፈላ ምን ይሆናል? ፈሳሽ ሲጨመቅ መጠኑ እምብዛም አይቀንስም፤ ፍሬን የሚሠራውም በዚህ ነው። እንፋሎት ግን በቀላሉ ይጨመቃል። ስለዚህ እግራችን የሚገፋው ፒስተኑን ሳይሆን አረፋውን ይሆናል፤ ፔዳሉም ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ረቂቅ ነገር አለ። ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ዘይቱ በከፍተኛ ግፊት ውስጥ ስለሚሆን የመፍላት ነጥቡም ከፍ ይላል። እግራችንን ስናነሣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ከዲስኩ የተነሣው ሙቀት ግን ወደ ዘይቱ መጓዙን አያቋርጥም። አረፋው የሚፈጠረው በአብዛኛው በዚህ የዕረፍት ጊዜ ነው። ነጂው ያለፈውን መታጠፊያ በሰላም ይዞ አልፎ፣ በሚቀጥለው ላይ ፍሬን የሚያጣው ለዚህ ነው። «አሁን ድረስ ይሠራ ነበር» የሚለው ምስክርነት እውነት ነው፤ ነገር ግን ዋስትና አይሆንም።

የመም ነጂዎች ስለዚህ የፍሬን ዘይታቸውን በየጥቂት የመንዳት ቀናት ይለውጣሉ፤ ከካሊፐሩ በኩል አሮጌውን ከነአየሩ እያስወጡ አዲሱን ይሞላሉ። የተከፈተና የቆየ ጠርሙስም አይጠቀሙም። ለተራ መኪና የብዙ አምራቾች ምክር በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ነው። የእኛ አስተያየት ግን ከዓመት ቁጠራው በላይ መለካት ይበልጣል የሚል ነው። በዘይቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ወይም የዘይቱን የመፍላት ነጥብ የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ በገበያ ላይ ይገኛል፤ ዋጋውም ከአንድ ጎማ አይበልጥም።

ሁለቱን የፍሬን ድክመቶች በእግር መለየት እንደሚቻልም እናስታውስ። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ፣ ሸራው ከአቅሙ በላይ ሞቋል ማለት ነው። ፔዳሉ ስፖንጅ መስሎ ከሰመጠ ደግሞ ዘይቱ ፈልቷል ወይም አየር ገብቷል ማለት ነው። መድኃኒቱ የተለያየ ነውና ምርመራው መቅደም አለበት።

ካሊፐሩ፦ ትንሿ ጎሚኒ የምትሠራው ሥራ

ፔዳሉን ስንለቅ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው ምን እንደሆነ ብንጠይቅ ብዙዎች «ስፕሪንግ» ይላሉ። በተራ የዲስክ ፍሬን ውስጥ ይህን የሚያደርገው በፒስተኑ ዙሪያ የተቀመጠ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ጎሚኒ ነው። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲገፋ ጎሚኒው አብሮ ይጠማዘዛል፤ ግፊቱ ሲወርድ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን የሚሊሜትር ሽራፊ ያህል ይስበዋል። ያቺ ሽራፊ ሸራውን ከዲስኩ ለማላቀቅ ትበቃለች። ጎሚኒው በተደጋጋሚ ሙቀት ሲደርቅ ግን ይህን የመለጠጥ ጠባዩን ያጣል። ሸራው ሳይለቅ እየታሸ ይሄዳል፤ ሙቀት ይጨምራል፤ ሙቀቱ ደግሞ ጎሚኒውን ይበልጥ ያደርቀዋል። ራሱን የሚያባብስ ክብ ማለት ይህ ነው።

ተንሸራታች ካሊፐር ደግሞ በሁለት ፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ፒኖቹ በዝገት ወይም በደረቀ ግራሶ ከተያዙ ፒስተኑ ያለበት የውስጥ ሸራ ብቻውን ይሠራል፤ ከውጭውም ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ ያለቀ ሸራ ከመጣሉ በፊት ሊነበብ የሚገባው ሰነድ ነው። የውስጡና የውጭው ውፍረት ከተለያየ ፒኖቹን፣ አንዱ ሸራ ከአንድ ጫፍ ብቻ ካለቀ የካሊፐሩን መጣመም ወይም የማረፊያውን ዝገት መመርመር ያስፈልጋል። ፒኖቹ ከጸዱ በኋላ የሚቀባው ለፍሬን የተሠራ ግራሶ መሆን አለበት። ከማዕድን ዘይት የተሠራ ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋልና።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ በነበርንባቸው ዓመታት፣ ከመም የወጡ ነጂዎች በመኪና ማቆሚያው ሥፍራ የሚያደርጉትን ቆመን ተመልክተናል። አብዛኞቹ ሀብታሞች አልነበሩም፤ መኪኖቻቸውም ያረጁ ነበሩ። ነገር ግን የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳይነኩ ቀስ ብለው እየነዱ ያበርዱ ነበር፤ ከቆሙ በኋላም የእጅ ፍሬን አይስቡም ነበር። ካሊፐሩ ላይ እንደ ሙቀቱ ቀለሙን ለውጦ የሚቀር ወረቀት ለጥፈው፣ የደረሰበትን ከፍተኛ መጠነ ሙቀት ያነቡ ነበር። ከዚያም በደብተር ላይ ቀኑን፣ የዙሩን ብዛት፣ የአራቱን ጎማዎች ሸራ ውፍረትና መጠነ ሙቀቱን ይጽፋሉ። ከእነርሱ መካከል ፊዚክስ ያልተማሩ ነበሩ፤ ሥራቸው ግን ከብዙ የቤተ ሙከራ ዘገባዎች የተሻለ ፊዚክስ ነበር።

ውድድር እንደ ቤተ ሙከራ

መም ላይ መንዳት የሀብታሞች ጨዋታ ነው፤ ነዳጅና ጎማ ማባከን ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ ውድቅ የሚደረግ አይደለም። ይሁን እንጂ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። የዲስክ ፍሬንን እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ቢሆንም፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት አብዛኞቹ መኪኖች የታምቡር ፍሬን ይዘው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረንሳይ አገር በሚካሄደው የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር የዲስክ ፍሬን የገጠመው ጃጓር ሲ-ታይፕ አሸነፈ። በዚያ መም ላይ 6 ኪሎሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጥታ መንገድ ነበር፤ በመጨረሻውም ላይ ኃይለኛ ፍሬን መያዝ ግድ ነው። ታምቡር ሙቀቱን በውስጡ አፍኖ ሲይዝ ዲስክ ግን ለአየር የተጋለጠ ነው። የጃጓር ነጂዎች ዘግይተው ፍሬን መያዝ፣ ይህንንም ለ24 ሰዓት መድገም ቻሉ። ዛሬ በየቤተሰብ መኪናው ላይ የምናየው ዲስክ ከዚህ ዓይነት ፈተና የወጣ ነው።

ይህን ስንል ማንም ወጣት ሕዝብ በሚሄድበት ጎዳና ላይ እንዲሽቀዳደም እያበረታታን አይደለም። መም የተሠራው እግረኛ፣ ከብትና ተቃራኒ መኪና እንዳይኖርበት ነው።

ከመሙ ወደ ዓባይ ቁልቁለት

«እኛ እንዲህ ያለ መም የለንም፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ መም ባይኖረን ተራራ አለን። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ 20 ኪሎሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዚህ ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 30 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 294 ሜጋጁል ጉልበት ይለቃል። ይህ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት ሥፍራ፣ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ውሃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። መኪናው በሰዓት 40 ኪሎሜትር ቢወርድ ጉዞው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ጉልበቱም በአማካይ ከ160 ኪሎዋት በላይ ነው። ከ40 የሚበልጡ የእንጀራ ምጣዶች ለግማሽ ሰዓት ያለ ዕረፍት ማለት ነው። የኑርበርግሪንጉ መኪና ይበልጥ ያቃጥላል፤ ግን ለአራት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ቀጥሎም ነፋስ ያገኛል።

ከባድ መኪኖቻችን በአብዛኛው በአየር የሚሠራ የታምቡር ፍሬን ስላላቸው የሚፈላ ዘይት የላቸውም። ነገር ግን ሙቀት በሌላ በር ይገባል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ ሸራው እርሱን ለመድረስ ይበልጥ መራመድ አለበት፤ የፍሬኑ የመግፊያ ዘንግ ደግሞ የተወሰነ ርምጃ ብቻ አለው። ርምጃው ሲያልቅ ፍሬኑም ያልቃል። ቀድሞውኑ በትክክል ያልተስተካከለ ፍሬን በሜዳ ላይ ደኅና መስሎ ቆይቶ በቁልቁለት የሚከዳው ለዚህ ነው። በደጋው ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር ሲነጻጸር እፍጋቱ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ መሆኑም የማቀዝቀዝ አቅሙን ይቀንሰዋል። በከባድ ማርሽ መውረድ የሚባለው የነባር ሾፌሮች ምክር እንግዲህ የሙቀት ሒሳብ ነው፤ ከሙቀቱ ከፊሉን ከፍሬን ወስዶ ለሞተር ይሰጣል።

የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ሒሳብ አያመልጡም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። እነዚህ መኪኖች ሲዘገዩ የእንቅስቃሴውን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሳሉ፤ ሸራቸውም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ሆኖም ከቁልቁለት አናት ላይ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ለወራት ባለመነካቱ ዲስኩ ወደ ዛገው፣ የካሊፐሩ ፒን ወደ ተያዘው ፍሬን ይመለሳል። ብዙ የማይሠራ ፍሬን ጥገና አያስፈልገውም የሚለው አስተሳሰብ ስለዚህ አደገኛ ነው።

ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አቋም የሚከተለው ነው። የፍሬን ጥገና በመለካት እንጂ በመገመት መመራት የለበትም። የሸራ ውፍረት በሚሊሜትር፣ የዘይት ውሃ በመቶኛ፣ የዲስክ ሙቀት በዲግሪ ይነገራል። በየዓመቱ በሚደረገው የተሽከርካሪ ምርመራ የፍሬን መያዝ ሲፈተን፣ የሚፈተነው ቀዝቃዛ ፍሬን ነው። ቀዝቃዛ ፍሬን ደግሞ ስለ ጋለው ብዙ አይነግረንም። የዘይቱን የመፍላት ነጥብ መለካትና የታምቡር ፍሬንን የዘንግ ርምጃ መመዝገብ በምርመራው ውስጥ ዋና ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል ብለን እናምናለን። ወጪያቸው ጥቂት ነው፤ የሚያድኑት ግን በወጪ አይተመንም።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ መልእክት አለን። በአቅራቢያችሁ ወደሚገኝ ጋራዥ ሂዱ፤ የተጣሉ የፍሬን ሸራዎችን ለምኑ። ውፍረታቸውን ከአራት ማዕዘን ለኩ፤ ካሊፐራቸው ምን ሕመም እንደነበረበት ለመናገር ሞክሩ፤ ከዚያም መካኒኩን ጠይቁ። ከእጁ የሚያውቀውን እናንተ በስሌት፣ እናንተ በስሌት የምታውቁትን እርሱ በእጁ ያስተምራችኋል። ፍሬን ራሳችሁ ለመፍታት ግን አትቸኩሉ፤ ከሠለጠነ ሰው ጋር ካልሆነ በስተቀር የሚነካ ዕቃ አይደለም።

መምህራንም ብንሆን አንድ ግዴታ አለብን። «ሰበቃ የለም ብላችሁ ውሰዱ» ብለን ካስተማርን በኋላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት «አሁን ሰበቃ አለ፤ ሙቀቱ የት ገባ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ጉልበት እንደማይጠፋ በቃል የሚያውቅ ተማሪ ሞልቶናል። በቁልቁለት ላይ የዲስኩን ሽታ አሽትቶ «ጉልበቱ ይኸውና» የሚል፣ መኪናውንም ዳር አስይዞ የሚያስቆም ተማሪ ግን ገና ብዙ ያስፈልገናል።